ባለ አራት ብሎን ኮምፒውተር

ቁልፍ ቀራጩ ከስልኩ ጋር የተጣላው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ላይማ እንደ ማንኛውም ሰው ይወደው ነበር፤ ሲተኛ ከራስጌው፣ ሲሠራ ከሞርሳው አጠገብ አይለየውም። ነገር የመጣው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስልኩ ማንም ሳይለምነው ራሱን በራሱ አሻሽሎ ሲነሣ ነው። "እንኳን ደስ አለዎት!" ይላል ስክሪኑ። "ከዛሬ ጀምሮ ረጅም መልእክት አያደክምዎትም። እኛ ሰምተን ጭማቂውን እናቀርብልዎታለን።" ከሥሩ የሚነካ ነገር አንድ ብቻ ነበረ፤ "እስማማለሁ" የሚል። የማይስማማ ሰው የሚነካው ቦታ ስላልተዘጋጀለት ቁልፍ ቀራጩ ተስማማ።

የዚያኑ ዕለት ሚስቱ ወደ ቤት ሲመለስ ገዝቶ የሚመጣውን በድምፅ ላከችለት። እሷ ደግሞ ስታዝ አሟልታ ነው፤ ሳሙናው የትኛው ሳሙና እንደሆነ፣ አምፖሉ ለየትኛው ክፍል እንደሚሆን፣ ባለፈው ያመጣው ቲማቲም ምን ሆኖ እንደተጣለ ሁሉ ታስረዳለች። ስልኩ ይህን ሁሉ ሰማና "ባለቤትዎ አንዳንድ ነገሮች ይፈልጋሉ" ብሎ አቀረበለት። ዋናውን ድምፅ ፍለጋ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች ቢዳብሰው "ተጠቃሏል" ከማለት በቀር አልተነፈሰም። ሰውዬው ምን ያድርግ? አንዳንድ ነገሮች ገዝቶ ገባ፤ አንድ ማንቆርቆሪያ፣ ሁለት የጫማ ማሰሪያ እና ሐብሐብ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች ሚስቱ፣ ሐብሐቡን እያገላበጠች።

"አንዳንድ ነገሮች።"

"ጤና የለህም እንዴ?"

"እኔ ጤነኛ ነኝ። አንቺን ያሳጠረሽ ስልኩ ነው።"

ሚስቱ ግን ስልክ አታማም። የእሷ ስልክ ከዚያው ኩባንያ የወጣ ቢሆንም ጠባዩ ሌላ ነው፤ ደረጃ በወጣች ቁጥር "ጎበዝ!" ይላታል፣ ውሃ ስትጠጣ ያጨበጭብላታል። "በሃያ ዓመት ትዳር ውሃ ስለጠጣሁ ያጨበጨበልኝ ሰው የለም" ትላለች። ቁልፍ ቀራጩ ቢላዋ አነሣ። ሐብሐቡን በሉት፣ ነገሩም በዚያው ተረሳ።

ያልተረሳው የወንድሙ ነው።

ወንድሙ ታናሹ ነው፤ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ሒሳብ ያስተምራል። ከልጅነቱ ጀምሮ ይንተባተባል። አንዲት ቃል ጉሮሮው ላይ ተቀርቅራ አልወጣ ስትለው፣ አጠገቡ ያለው ታላቁ ቀድሞ ያወጣለታል። "ው... ው..." ሲል "ውሃ! ውሃ ስጡት!" ይላል ታላቁ። አንዳንዴ ልጁ የፈለገው ውሃ አልነበረም፤ ግን ውሃው መጥቶ እጁ ላይ ስለሚቀመጥ ይጠጣዋል። እንዲህ እየተባባሉ ሠላሳ ዓመት ኖሩ። ቁልፍ ቀራጩ ይህን እንደ ውለታ ነበር የሚቆጥረው፤ የተዘጋ መክፈት ሙያው አይደለም?

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በእህታቸው ሠርግ ላይ፣ ወንድሙ ንግግር ሊያደርግ ብርጭቆውን ይዞ ተነሣ። "እ... እ... እህቴ" አለና ሁለተኛው ቃል ላይ ቆመ። ሁለት መቶ ሰው ሹካውን አንሥቶ ቀጥ አለ። ቁልፍ ቀራጩ አላስቻለውም፤ ብድግ ብሎ የወንድሙን ትከሻ አቀፈና ንግግሩን ከዳር እስከ ዳር እሱ ተናገረለት። ቀልድ ሁሉ ጨመረበት። ጭብጨባው ለጉድ ነበር። ወንድሙ ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ ሙሽራዋን ስሞ፣ ኮቱን አንሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። በእህታቸው በኩል የደረሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ወንድሜ አይሰማኝም" ይላል አሉ። ቁልፍ ቀራጩ ይህን ከየትኛውም ወገን ቢያገላብጠው አልገባ አለው። ጆሮው ደህና ነው። ንግግሩም ሲያስበው እንዲያውም ያማረ ነበር። ቢሆንም ወንድሙ ይናፍቀው ነበር፤ ሥራ ሲፈታ ሞረዱን ይዞ ዝም ብሎ የሚቀመጠው ስለዚሁ ነው።

ታዲያ ከሁለት ዓመት ዝምታ በኋላ፣ ስልኩ በተሻሻለ በሳምንቱ ዓርብ፣ ከወንድሙ የድምፅ መልእክት መጣ። ርዝመቱን በዓይኑ አይቷል፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ከአራት ሰከንድ። ስልኩ በአንድ ትንፋሽ ሰምቶ ጨረሰና ጭማቂውን አቀረበ፦ "ወንድምዎ ሰላም ብለዋል። ሴት ልጃቸው አፏን ፈትታለች። ሁሉም ደህና ነው።" አበባም ሳለበት። ቁልፍ ቀራጩ ገና ሲያነብ፣ ስልኩ በእሱ ስም መልስ ጽፎ ላከለት፦ "እንኳን ደስ አለህ! በጣም ደስ ይላል!"

ሰማይ ተደፋበት።

ወንድሙን ያውቀዋል። ያ ሰው ሰላም ለማለት ራሱን ነው የሚነቀንቀው። በዚያ ምላስ አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ የታገለ ሰው "ሁሉም ደህና ነው" ለማለት አይደለም የታገለው። ደውሎ እንዳይጠይቀው፣ ምን ብሎ? "እንኳን ደስ አለህ" ብሎ ከመለሰ በኋላ "ለመሆኑ ምን ነበር ያልከኝ?" ሊል ነው? አይሰማኝም ብሎ ለተቀየመ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይገኛል? ያንን ድምፅ ሙሉውን ካልሰማ፣ ወንድሙ ዳግመኛ ድምፁን አያሰማውም። ይህን አንጀቱ ነገረው።

ሰኞ ሱቁን ዘግቶ ወደ ስልክ ኩባንያው ሄደ። ሕንፃው ዙሪያውን መስታወት ነው፤ በሩም ሰው ሲያይ ራሱ ይከፈታል፣ ለቁልፍ ቀራጭ ስድብ የሆነ በር። አንዲት ፈገግተኛ ሠራተኛ ጆሮዋ ላይ ትንሽ ነገር ሰክታ ተቀበለችው።

"ምን ልርዳዎት?"

"የወንድሜን ድምፅ ስጡኝ።"

ጆሮዋ ላይ ያለውን አዳመጠች። "ደርሶዎታል። ሰላም ብለዋል።"

"አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር እኮ!"

"አዎ። አሥር ደቂቃ ከሃምሳ ስድስት ሰከንድ አተረፍንልዎት።"

"ያተረፋችሁትን ነው የምፈልገው።"

እንዲህ ያለ ጥያቄ መጥቶባት አያውቅም። ጆሮዋ ላይ ያለውም ዝም ሳይላት አልቀረም፤ ፈገግታዋ ለጥቂት ጊዜ ባለቤት አጣ። "ተስማምተዋል እኮ" አለች በመጨረሻ። "ውሉ ላይ አለ።"

"ውሉን አምጪልኝ።"

ውሉ ታተመ፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። ቁልፍ ቀራጩ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ተቀምጦ ማንበብ ጀመረ። ቢሮው ሲዘጋ ቤቱ ሄደ፣ ጠዋት ምሳውን ቋጥሮ ተመለሰ። በሁለተኛው ቀን ሰዎች ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ይጠይቁት ጀመር፤ እሱም በአገጩ ያሳያል። በሦስተኛው ቀን አንድ አለቃ ሲያልፍ "በርታ" ብሎ ትከሻውን መታ አደረገው፤ ከምሳ በኋላ አንገቱ ላይ የሚንጠለጠል ባጅ መጣለት። "ተለማማጅ" ይላል። በአራተኛው ቀን አንዲት እናት ባጁን አይተው ቅሬታቸውን ሊነግሩት ተቀመጡ። ረጅም ቅሬታ ስለነበር መሐሉ ላይ ተቀበላቸውና እሱ ጨረሰላቸው። "እሱን አይደለም ያልኩት!" ብለው ተቆጥተው ተነሡ። ሰው ሲረዱት አይወድም ብሎ ወደ ንባቡ ተመለሰ።

ገጽ ሦስት መቶ ስድስት ላይ አገኘው፦ "ዋናው ድምፅ ለሠላሳ ቀን ይቀመጣል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ደንበኛው፣ ራሱ ሙሉ በሙሉ በሚያዝዘው መሣሪያ ከጠየቀ፣ ይሰጠዋል።"

ወረቀቱን ይዞ ወደ ሠራተኛዋ ሮጠ። "ይሄ ስልክ የኔ አይደለም እንዴ?"

"የእርስዎ ነው" አለች። "ግን አያዝዙትም።"

"የማዝዘውን ትሸጣላችሁ?"

"እኛ?" አለችና ከልቧ ሳቀች። እስከዚያ ቀን ስትስቅ ጥርሷን እንጂ ሆዷን አላየም ነበር።

ባጁን መልሶ ወጣ። ሃያ አራት ቀን ቀርቶታል።

እትዬ ሽቦ ከጫማ ጠጋኞቹ ጀርባ ራዲዮ ይጠግናሉ። የመነጽራቸው ጎን በመዳብ ሽቦ የታሰረ ነው፤ ቅጽል ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። ስልኩን ተቀብለው አገላበጡት፣ በጥፍራቸው ዳር ዳሩን ዳሰሱ።

"ብሎኑስ?"

"የለውም፣ እትዬ።"

"በምን ይከፈታል ታዲያ?"

"አይከፈትም።"

"እንግዲያማ ያንተ አይደለም" ብለው መለሱለት። "አንተ እኮ ቁልፍ ቀራጭ ነህ። ይሄን እኔ ልንገርህ?"

ነካው። በሙያው አንድ ደንብ አለው። ቁልፍ የጠፋበት ሰው ጠርቶት ሲሄድ፣ መሣሪያውን ከማውጣቱ በፊት "ስገባ መጀመሪያ የማየው ምንድን ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ባለቤቱ "እግሩ የተሰበረ ቀይ ወንበር" ይላል፤ በሩ ይከፈታል፤ ወንበሩ አለ፣ እግሩም ተሰብሯል። ውስጡን የማያውቅ ሰው በሩ አይከፈትለትም። በዚህ ደንብ አንድም ሌባ አስገብቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ የገዛ አማቱን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ደጅ አስቀምጧቸዋል፤ ሚስቱ የቤቱን ዕቃ አዛውራ ኖሮ።

"የኪስ ኮምፒውተር ይሥሩልኝ፣ እትዬ" አለ። "እኔ ብቻ የማዝዘው።"

"ምን ምኑን በራሱ ያድርግልህ?"

"ምንም! ያላዘዝኩትን አንዳች ነገር እንዳያደርግ። ሁሉንም ይጠይቀኝ።"

እትዬ ሽቦ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። "ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"እሺ። ኋላ መጥተህ እንዳታለቅስብኝ።"

ሥራው ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጀ። ስክሪኑ ከአንድ አሮጌ የሱቅ ሒሳብ መሣሪያ ተነቀለ፤ የሆድ ዕቃው እሳቸው ብቻ ከሚከፍቱት መሳቢያ ወጣ። ሣጥኑን ቁልፍ ቀራጩ ራሱ ከቆርቆሮ ሠራው፤ በአራት ብሎን የሚፈታ፣ ጎኑ ላይ እውነተኛ የቁልፍ ቀዳዳ ያለው። ለማብራት ቁልፍ ይዞራል፤ ሲዞር ቀጭ ይላል። ሲያልቅ ቁመቱ የግማሽ ጡብ፣ ክብደቱ የሙሉ ጡብ ሆነ። የሙያ ደንቡንም አስጻፈበት፤ የሚመጣ መልእክት ሁሉ ከመከፈቱ በፊት ውስጡ ምን እንዳለ ይጠየቅ ብሎ። እትዬ ሽቦ ይህን ሲሰሙ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። "ገብቶኛል፣ ያስቸግርሃል ሊሉኝ ነው፤ ይሁን ግዴለም" ብሎ ጨረሰላቸው። እሳቸውም አፋቸውን ዘጉ።

"ለመደወልስ ይሠራል፤ ከኩባንያው ማሽን ጋር የሚያገናኘውን አንቴና ግን ቅዳሜ ከሰዓት እናስርለታለን" አሉት። "ያኔ ትጠይቃቸዋለህ። እስከዚያ ተላመዱ።"

ሠላሳው ቀን የሚያልቀው እሑድ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ስለነበር ቅዳሜ በቂ ነው።

ልብስ ሰፊው የኮቱን ኪስ ሁለት ጊዜ አሰፋለት። ያም ሆኖ ቁልፍ ቀራጩ በመንገድ ሲሄድ ወደ ግራ ያዘነብላል። "ኮምፒውተር ኪስህ ውስጥ አልከተትክም" አለችው ሚስቱ፣ "ኮምፒውተርህ ላይ ኪስ ነው ያሰፋኸው።"

መሣሪያው ግን ቃሉን ጠበቀ። "ሰዓት ላሳይህ?" ይላል። "አዎ" ሲሉት "የቱን ሰዓት?" ይላል። "ያሁኑን" ሲሉት "አሁን ስንት ሰዓት ነው?" ብሎ ይጠብቃል። ባትሪው ሲደክም "ባትሪ እያለቀ ነው፤ ይለቅ?" አለ። ቁልፍ ቀራጩ "አይ" የሚለውን ተጫነ፤ አለቀ። ሄዶ ቢያማርር "እሱ በእኔም እጅ አይደለም" አሉት እትዬ ሽቦ። አንድ ቀን መንገድ መሐል "ሰው እየደወለልህ ነው። ላሳውቅህ?" አለው። "አሳወቅከኝ እኮ!" ብሎ ጮኸ። አላፊ አግዳሚው ከገዛ ኪሱ ጋር የሚጣላ ሰው እያየ መንገድ ይቀይር ነበር።

እውነቱን ለመናገር ግን ደስ ብሎታል። ያስቸግራል፤ ግን ችግሩ የራሱ ነው። ማታ ማታ አራቱን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትቶ፣ ውስጡን ዓይቶ፣ ምንም ሳይነካ መልሶ ያጠብቃቸዋል። ሚስቱ ይህን ስታይ "እኔን እንዲህ አይተኸኝ ታውቃለህ?" ትለዋለች፤ ሆዷ ግን ራርቷል፤ ቀን የሚቆጥረው ለምን እንደሆነ ታውቃለች።

ስለ ቀን ከተነሣ፣ መሣሪያው በየጠዋቱ ቀኑን ይጠይቃል። አንድ ሐሙስ ጠዋት ቁልፍ ቀራጩ ዓይኑን ሳያሽ "ረቡዕ" ብሎ መለሰለት። ሌላ ስልክ ቢሆን ያርመው ነበር። ይህ ግን ታዛዥ ነው፤ ጌታው ረቡዕ ካለ ረቡዕ ነው። በማግስቱ "ትናንት ረቡዕ ነበር፤ ዛሬ ሐሙስ ልበል?" አለው። "በል" አለው። ሁለቱ ተማምነው ከሌላው ዓለም አንድ ቀን ወደ ኋላ ቀርተው ኖሩ።

ስለዚህ ቁልፍ ቀራጩ በእሱ ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ ሞረዱን አነሣ። መንገዱ ጭር ብሏል። ዳቦ ቤቱ ዝግ ነው፣ ልብስ ሰፊውም ዝግ ነው። ገበያው እንዴት ሞቷል እያለ ሲሞርድ እስከ ከሰዓት ቆየ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሚስቱ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች መጣች።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"ቁልፍ ነዋ። ጨርሼ ወደ እትዬ ሽቦ ልሄድ ነው።"

"በእሑድ?"

"ቅዳሜ ነው።"

"ማን አለህ?"

"መሣሪያው።"

"ለመሣሪያው ማን ነገረው?"

ሞረዱ ከእጁ ወደቀ። ሱቁን ሳይዘጋ ሮጠ፤ የከተማው ብቸኛ ቁልፍ ቀራጭ ሱቁን ክፍት ትቶ ሄደ። ሚስቱ ጎትታ ዘግታ ተከተለችው፤ ኪሷ ውስጥ ያለው ስልክም በየእርምጃው "ጎበዝ! ጎበዝ!" ይላት ነበር።

እትዬ ሽቦን ቤታቸው ደጃፍ ላይ እግራቸውን ፀሐይ እያሞቁ አገኟቸው። "ትናንት እስኪመሽ ጠበቅሁህ" አሉት። ከዚያ ፊቱን አዩና ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ቁልፋቸውን አንሥተው ተነሡ።

ሱቃቸው ውስጥ አንቴናው ሲታሰር አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ጥያቄው እንደተላከ የኩባንያው ማሽን መልሶ ጻፈ፦ "ይህን መሣሪያ የሚያዝዘው ማን ነው?"

የኪስ ኮምፒውተሩ ወደ ጌታው ዞረ። "ማን ነው ልበል?"

"እኔ በል!"

"እኔ ማለት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?"

"እኔ! እኔ ቁልፍ ቀራጩ! ኧረ በፈጠረህ!"

"የፈጠሩኝ እትዬ ሽቦ ናቸው። ይህንንም ልጻፍ?"

እትዬ ሽቦ አፋቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሚስቱ "አይ" የሚለውን ራሷ ተጫነችለት። አሥራ ሁለት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ድምፁ ገባ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ከአራት ሰከንድ፣ ሳይሸራረፍ። ቁልፍ ቀራጩ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

ስክሪኑ ግን አልከፈተለትም። "ደንብህ ነው" አለው። "ውስጡ ምን አለ?"

"አውቀዋለሁ" አለ ቁልፍ ቀራጩ ሳያመነታ፤ "ቂም ነው" ብሎ ጻፈ።

"አይደለም።"

"እንግዲያስ ይቅርታ ጠይቀኝ ነው።"

"አይደለም።"

"ታሟል! ሊደብቀኝ ነው እንጂ ታሟል!"

"አይደለም።"

ሰባት ጊዜ ሞከረ። ወንድሙን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ የሚለው ሰው ሰባት ጊዜ ተሳሳተ። ስምንተኛውን ሊጽፍ ሲል እትዬ ሽቦ እጁን ያዙት።

"ይሄን ደንብ ማን አወጣው?"

"እኔ።"

"ታዲያ ማን ያንሣው?"

እስከዚያች ደቂቃ ማንሣት እንደሚችል አልታየውም ነበር። ሞኝነቱ የራሱ ስለነበረ ማንሣቱም የራሱ ሆነ። "ደንቡ ይነሣ?" አለ መሣሪያው። "አዎ" አለው። ድምፁም ተከፈተ።

መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ከዚያ የወንድሙ ድምፅ መጣ።

"ወ... ወ... ወን..."

"ወንድሜ!" አለ ቁልፍ ቀራጩ ለሣጥኑ።

እትዬ ሽቦ ጉልበቱን ቸብ አደረጉት። "ዝም በል እንጂ!"

"...ወንድሜ" አለ ድምፁ ዘግይቶ። "ዛሬ... ለማሽን ነው የማ... የማወራው። ማሽን አ... አያቋርጥም።"

ሦስቱም አንገታቸውን ደፉ። በአሥራ አንዱ ደቂቃ ውስጥ የተነገረው፣ እየተቀረቀረና እየቆመ፣ ይህ ነበር። ልጁ ሦስት ዓመት ሆናት። ዘግይታም ቢሆን አፏን ፈታች፤ ስትፈታ ግን እንደ አባቷ ሆነች። ሐኪሙ መንተባተቡ ሊለቃት ይችላል፣ ላይለቃትም ይችላል ብሏል። እሱን ግን ያስፈራው ምላሷ አይደለም። ባለ ሱቁ ቃሏን ይሞላላታል፤ ጎረቤቶቹ ይሞሉላታል፤ አያቷ በፍቅር ይሞሉላታል። ውሃ ስትፈልግ ዳቦ ይሰጧታል፣ እሷም ትበላዋለች። ከሰሞኑ ማውራት ትታ በጣቷ መጠቆም ጀምራለች።

"አ... አንተን ነው ያሰብኩት" አለ ድምፁ። "ሠላሳ ዓመት የ... የሞላህልኝ አንተ ነህ። ለክፋት እንዳልሆነ... አ... አውቃለሁ። እንዴት እንደሚያሳክክህም... አውቃለሁ። ደ... ደውልላት። ግን ጠብቃት። አንተ መጠበቅ ከቻልክ... ማ... ማንም ይችላል።"

ከዚያ አለቀ።

ቁልፍ ቀራጩ አለቀሰ። ስልኩ ለዚህ መልእክት "እንኳን ደስ አለህ! በጣም ደስ ይላል!" ብሎ መመለሱ ቆረጠው፤ የባሰ የቆረጠው ግን ሌላ ነው። ስልኩ ያደረገው እሱ ዕድሜውን ሙሉ ሲያደርገው የኖረውን ነበር። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ክንዷን በክንዱ አስገባች።

"ልደውል?" አለ መሣሪያው።

"አዎ።"

ጠራ። ወንድሙ አነሣ።

"ሃ... ሃ... ሃሎ?"

"እኔ ነኝ" አለ ቁልፍ ቀራጩ። "ያ መልስ የኔ አልነበረም። የሰማሁህ አሁን ነው። ሙሉውን።"

ከወዲያ በኩል ረጅም ጸጥታ ሆነ። ቁልፍ ቀራጩ ለዚያ ጸጥታ የሚሆን አሥር ዓረፍተ ነገር አፉ ውስጥ ነበረው፤ ዋጣቸው። ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተንኮሻኮሸ፤ ትንሽ ትንፋሽ ተሰማ፣ በጣም የቀረበ፣ አፏን ስልኩ ላይ የለጠፈች ልጅ ትንፋሽ።

"አ..." አለች ልጅቷ። "አ... አ..."

ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። አጎቴ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ጥርሱን ነከሰ። ሚስቱ ክንዱን ጨመቀችው።

"ዝምታው ረዝሟል" አለ ስክሪኑ። "ጥሪውን ላቋርጥ?"

"አይ" የሚለውን ተጫነ።

"አ... አ..."

"አሁንስ ላቋርጥ?"

አይ። እንደገና ጠየቀው፤ እንደገና አይ አለው። ላብ ከግንባሩ ወርዶ የቆርቆሮው ሣጥን ላይ ጠብ አለ። ሃያ ሦስት ዓመት ቁልፍ ሲከፍት እጁን ሰብስቦ መቀመጥ ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ገጥሞት አያውቅም፤ የዚህን ያህል የደከመበትም ቀን የለም።

"አ... አንተ ማነህ?" አለች ልጅቷ።

አጎቴ አላለችም። ከየት አምጥታ ትላለች? ለመጨረሻ ጊዜ ያያት ገና ስትድህ ነው። ቁልፍ ቀራጩ ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ የሚለውን ያውቀዋል፣ ቀላል ቃል ነው፣ ግን ጉሮሮው ተዘጋበት።

"እ..." አለ። "እ... እ..."

ከወዲያ በኩል የወንድሙና የልጅቷ ትንፋሽ ይሰማል። አንዳቸውም አልሞሉለትም። ጠበቁት።